ዓለምነህ እና አልከፈት ያለው ገጽ

ዓለምነህ መርሳ ውስጥ የሰው ማመልከቻ መጻፍ ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ በር ላይ በታይፕ ይጽፍ ነበር፤ በኋላ ከዋናው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየና ኮምፒውተር አስገባ፣ ፎቶ ኮፒ አስገባ፣ ስሙን በቀይ ቀለም አስጽፎ ሰሌዳ ሰቀለ። ከውርጌሳም ከሲሪንቃም ባለጉዳይ ይመጣለታል። ከእሱ እጅ የወጣ ወረቀት ቢሮ ሲደርስ "ይህ ይጎድላል" ተብሎ አይመለስም፤ ሰው የሚወደው ለዚህ ነው። የሚፈራው ደግሞ ስለሚቆጣ ነው። የመዝገብ ቁጥሩን ረስቶ የመጣውን ይቆጣል፣ በአያቱ ስም የሚጠራጠረውን ይቆጣል፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ካልሲው ውስጥ ያመጣውንማ አያድርስ ነው። አንድ ጊዜ የልጁን የልደት ዓመት ሲጠየቅ "ማሽላው የጠገበ ጊዜ" ብሎ የመለሰለትን የሐብሩ ገበሬ ጮኾበት ከበር አስወጣው። ሰውየው ሃምሳ እርምጃ ሳይሄድ ግን ራሱ ተከትሎት ሮጠ፣ ክንዱን ይዞ መለሰው፣ ከዚያ ማሽላ ተነሥተው ዓመት በዓመት እየቆጠሩ ልደቱን አገኙት።

ሌላው የታወቀበት ነገር ቀን መለወጥ ነው። ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት የሚያወጡ ልጆች ቅጻቸውን ይዘው ሲመጡ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ በቃሉ ይለውጥላቸዋል። ጣቱን አይቆጥርም፣ ወረቀትም አያወጣም።

ነሐሴ 2013 ጦርነቱ መርሳ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓለምነህ የኮምፒውተሩን ዋና ሳጥን ነቅሎ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለለው፤ በጋሪ ጭኖ ገጠር ወደሚኖረው የሚስቱ ወንድም ቤት ወሰደና ጎታ ውስጥ፣ ማሽላ ሥር ቀበረው። ስክሪኑን፣ ማተሚያውንና ፎቶ ኮፒውን ለማሸሽ ጊዜ አልነበረውም። እነሱ ከተዘረፈው ጋር ሄዱ። ስለተከተሉት አራት ወራት እሱም አያወራ፣ እኛም አንጎትጉተው።

ታኅሣሥ ላይ ውጊያው ከከተማው ሲርቅ መብራቱ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ጥር ሰባት ቀን ሳጥኑ ከጎታው ወጣ። ዓለምነህ ክዳኑን ፈትቶ ማሽላውን አንድ በአንድ ለቀመ፣ አቧራውን በጠጉር ቀለም ብሩሽ ጠረገ፣ ከአንድ አስተማሪ ስክሪን ተዋሰና ሰካው። ማሽኑ ተነሣ። ቀንና ሰዓት የምትይዝለት የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ባትሪ ግን ሞታ ስለነበር፣ ገና ከመነሣቱ ቀን ሙላ ብሎ ጠየቀው። በእነዚያ ወራት ከተማው ስልክም ሬዲዮም አልነበረውም፤ ሰው ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ዛሬ ማርያም ናት እያለ ነበር ቀኑን ይዞ የቆየው። ሚስቱ እልፍነሽ ነጠላዋን አጣፍታ የሥላሴን ንግሥ ልትሳለም ስትወጣ በሱቁ በር በኩል አለፈች። ሰባት ነው አይደል አላት፤ ሰባት ነው አለችው። እንዳለችው ሞላ። ሰዓቱንም ከእጅ ሰዓቱ ጋር ደቂቃ ሳያዛንፍ አስተካከለ። ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑም ስለሚጠፋ፣ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት የመጀመሪያ ሥራው ቀን መሙላት ሆነ።

ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለልጁ ለሊዲያ ነበር። ሊዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሌላ ልጅ የለውም። ጦርነቱ ሳይመጣ ደቡብ ያለ አንድ የጤና ኮሌጅ ነርስነት እንድትማር ተቀብሏት ነበር። አሁን ኮሌጁ፣ በጦርነቱ ምክንያት የቀሩ ተማሪዎች እስከ ጥር ሃያ፣ ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በኢንተርኔት ገጹ ገብተው መምጣታቸውን እንዲያረጋግጡ፣ ማስረጃቸውንም እንዲያያይዙ አስነገረ። ያላረጋገጠ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጥበታል። የሊዲያ ዋናው ማስረጃ ሱቁ ሲዘረፍ አብሮ ጠፍቷል፤ ያለው አባቷ በፊት ስካን አድርጎ ማሽኑ ውስጥ ያስቀመጠው ቅጂ ብቻ ነው።

ሊዲያ ማስታወቂያውን እንደሰማች፣ ቅጂውን በፍላሽ ይዘን ደሴ እንሂድ፣ እዚያ ኢንተርኔት ቤቶቹ ሥራ ጀምረዋል አለች። ዓለምነህ የዓይኑን መነጽር አወለቀ።

"የመርሳን ልጅ ሁሉ እዚህ ወንበር ላይ አስመዝግቤ፣ የራሴን ልጅ ደሴ ልውሰድ?" አላት።

 ሊዲያ ደሴን ደግማ አላነሣችም።

በስልክ ለምን አልሞከሩም የሚል አይጠፋም። ጥሩ ስልክ የነበረው ሰው ስልኩን በፍተሻ አስረክቧል። የቀረው ቁልፍ ያለው፣ ድምፅ ብቻ የሚያመጣው ነው፤ እሱም በደህናው ቀን። ዓለምነህ ግን ፍላሽ የምታክል ዶንግል ነበረችው፤ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ተረስታ ከፍተሻ ያመለጠች። ማሽኑ ላይ ስትሰካ እንደ ድሮው የስልክ ኢንተርኔት ቁጥር ደውላ ነው የምታገናኘው፤ ኮከብ ዘጠና ዘጠኝ መሰላል። መደወል ስትጀምር በስክሪኑ ላይ ትንሽ መስኮት ይከፈታል። ሰኞ ጥር አሥራ ስድስት ጠዋት ዓለምነህ ያንን መስኮት ከፈተ፤ መከራውም የጀመረው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑ በማሽላው ውስጥ ከርሞ ይሁን በሌላ፣ የድሮው አሞላል ጠፍቶበታል። የሚደወልበትን ቁጥር ሙላ ይላል፣ ስም ሙላ ይላል፣ የምስጢር ቃል ሙላ ይላል። ይህ እንኳ ደህና ነው፣ ሰው ይሞላዋል። ከዚህ መስኮት ጀርባ ግን ሌላ መስኮት አለ፤ እዚያ ውስጥ የተደረደረ ዝርዝር አለ፣ በየዝርዝሩ ፊት ምልክት የሚደረግባት ወይም የሚነሣባት ትንሽ ሳጥን አለች። ከዝርዝሩ አንደኛው የኔትወርክ ክላየንት ይላል፤ ደንበኛ ማለት ነው። ማን የማን ደንበኛ እንደሆነ የሚነግር ግን የለም። ሌላው አድራሻ ይጠይቃል፤ የቤት ቁጥር ሳይሆን በነጥብ የተከፋፈለ ረጅም ቁጥር ነው። ይህን የሠሩ ሰዎች መርሳ ውስጥ አንድ ቀን ማመልከቻ ቢጽፉ ዓለምነህ ምን እንደሚያደርጋቸው ያውቅ ነበር።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ደሴ ሥልጠና ሲወስድ የያዘው ደብተር ነበረውና እሱን ገልጦ ያገኘውን ቁጥር ሁሉ ሞላ። ማሽኑ ደወለ፣ ተንጫጫ፣ አልተገናኘም አለ። ሁለተኛ ደወለ። አልተገናኘም አለ። ሊዲያን ጣሪያ ላይ አወጣት። ዶንግሏ በረጅም ገመድ ተቀጥላ ከባሕር ዛፍ እንጨት ጫፍ ታስራለች፤ ልጅቷ ቆርቆሮው ላይ ቆማ እንጨቱን ወደ ሰማይ ይዛ፣ እሱ ከታች "ወደ ገበያው በኩል! ኧረ ወደ ገበያው አልኩሽ!" እያለ ቀኑ መሸ።

ማክሰኞ ጠዋት ወልድያ ላለው ለአዳነ ሊደውል ሄደ። አዳነ የድሮ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነው፣ አሁን ወልድያ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ የዓለምነህም የረጅም ጊዜ ወዳጅ ነው። ሱቁ ውስጥ ድምፅ አይሰማም፤ ለመደወል ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ ያለችው ጉብታ ላይ መውጣት ያስፈልጋል፣ እዚያም ያለው ሰልፍ ነው። የመርሳ ሰው ሁሉ እየጮኸ ዘመዱን በሚጠይቅበት መሐል፣ ዓለምነህ አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ስለ ክላየንት ጠየቀ።

አዳነ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ አስረዳው። ማሽንህ አንተ ሱቅ እንደሚመጣ ባለጉዳይ ነው አለው። ቁጥሩን ሲደውል በር ማንኳኳቱ ነው፤ ስሙንና የምስጢር ቃሉን ሲሰጥ ማንነቱን መናገሩ ነው። ከገባ በኋላ የሚቀመጥበትን ቦታ እነሱ ያሳዩታል፤ አድራሻ የሚባለው እሱ ነው። ታዲያ አንተ ከደብተርህ አምጥተህ አድራሻ ከሞላህበት፣ የሰው ቢሮ ገብቶ ራሱ ወንበር መርጦ እንደሚቀመጥ ሰው ሆነ ማለት ነው፣ ማን ያስተናግደዋል? አጥፋውና በራሱ እንዲያገኝ በል። ክላየንት የሚለው ደግሞ ከሌላ ማሽን ፋይል መጠየቂያ ነው፤ ለኢንተርኔቱ አያስፈልግህም፣ ቢኖርም አይጎዳህም፣ አትንካው።

ዓለምነህ ሁሉን በስክሪብቶ መዳፉ ላይ ጻፈ። ሱቁ ሲደርስ ላብ ግማሹን አጥፍቶታል፣ የቀረው "አትንካው" የሚለው ብቻ ነው፤ ምኑን እንደማይነካ ግን አልለየለትም። ተመልሶ ጉብታው ላይ ወጣ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሄድ ሰልፉ ላይ ያሉት ሰዎች ዘመዱ በጠና የታመመበት መስሏቸው ቅድሚያ ሰጡት። እሱም አላስተባበለም፣ ምክንያቱም ከዚያ በላይ ነበር የተቃጠለው።

አድራሻውን አጥፍቶ በራሱ እንዲያገኝ ሲያደርገው፣ ማሽኑ ደወለ፣ ተንጫጫ፣ እና ተገናኘሁ አለ። በስክሪኑ ጥግ ላይ መገናኘቱን የሚያሳዩ ሁለት ትንንሽ ምስሎች በሩ። ዓለምነህ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ሊዲያን "እንዳትነቃነቂ!" አላት። የኮሌጁን ገጽ ጻፈና ጠበቀ። የመጣው ግን ገጹ ሳይሆን ቀይ ምልክት ያለበት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ይህ ግንኙነት አይታመንም ይላል።

"ማን ነው የማይታመነው?" አለ ዓለምነህ ለስክሪኑ። ሠላሳ ዓመት የሰው ጉዳይ ሲጽፍ አንድም ቀን ያላመነው ሰው አልነበረም።

ከማስጠንቀቂያው ሥር በደቃቅ ፊደል ሌላም ተጽፏል፤ የማሽንህ ቀንና ሰዓት ትክክል መሆኑን አረጋግጥ ይላል። ዓለምነህ ሥራው ደቃቅ ፊደል ማንበብ ነውና አነበበው። የእጅ ሰዓቱን አየ፣ የማሽኑን አየ፣ ደቂቃ አልተዛነፈም። ቀኑን አየ፤ አሥራ ሰባት ነው፣ ዛሬም አሥራ ሰባት ነው። ይህስ ደህና ነው ብሎ አለፈው። ግንኙነቱ አይታመንም ካለ ጥፋቱ ግንኙነቱ ላይ ነው፤ ግንኙነቱ ደግሞ ያ የተረገመ ዝርዝር ነው። ተመልሶ ከፈተው።

ረቡዕ ሊዲያ ውርጌሳ ያለችውን አክስቷን ጠይቄ ልምጣ አለች፤ ከጦርነቱ በኋላ አላየኋትም አለች። ባትሄድ ደስ ይለው ነበር፣ ግን ምን ይላታል። በሌሊቱ መኪና ሄደች። እሱ ዶንግሏን ከሰሌዳው ብረት ጋር አስሮ ብቻውን ታገለ። የክላየንቱን ምልክት አነሣ፤ ገጹ አልከፈት አለ። መለሰው፤ አልከፈት አለ። የፋይል መጋሪያ የሚለውን አነሣ፣ ስሙን ለወጠ፣ የምስጢር ቃሉን በትልቅ ፊደል ሞከረ። በስተመጨረሻ ትናንት ይደውል የነበረው ማሽን መደወሉንም ተወ። የሠራውን ያፈረሰ ሰው ንዴት ሌላ ነው፤ የሚቆጡት ሰው እንኳ የለም። እልፍነሽ ምሳ ይዛለት ስትመጣ ዓለምነህ ስለ አንድ ሳጥን ምልክት ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዳት፤ እሷም አልገባትም፣ ግን ቁጭ ብላ ሰማችው፣ ሳህኑንም ባዶውን ይዛ ሄደች። ሊዲያ ማታ ተመለሰች። አክስቷ ደህና ናት አለች።

ሐሙስ ዕለት ሁሉን ከአዲስ ጀመረ። ቁጥሩን፣ ስሙን፣ የምስጢር ቃሉን፤ አድራሻውን በራሱ። ሊዲያ ጣሪያው ላይ ቆማ እንጨቷን ያዘች። ወደ ቀትር ገደማ እንደገና ተገናኘሁ አለ፣ እንደገና ያንኑ ቀይ ማስጠንቀቂያ አመጣ። ዓለምነህ ጉብታው ላይ ወጥቶ ለአዳነ ሲነግረው አዳነም ግራ ገባው። አሞላልህ ሁሉ ልክ ነው አለው፣ ከዚህ በላይ የሚሞላ ነገር የለም። ከዚያ ትንሽ አሰበና ቀኑስ፣ የማሽኑ ቀን ልክ ነው አለው።

"ቀኑንማ ራሴ ነኝ የሞላሁት" አለ ዓለምነህ፤ "ሥላሴ ዕለት። በየጠዋቱም እሞላዋለሁ። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ነው፣ እሱም አሥራ ዘጠኝ ይላል።"

አዳነ እንግዲያው ቀኑም አይደለም አለ። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ መርሳ አንዱ ወልድያ፣ ሁለቱም ከፈረንጅ ማሽን ጋር ያረጁ፣ ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን 2014 ትክክለኛ ቀን መሆኑን በስልክ ተስማሙ። ማን ይፈርድባቸዋል? ትክክለኛ ቀን ነበራ።

ዓርብ ዓለምነህ ቁርስ አልበላም። የአሥራ አንድ ሰዓቱ ነገር ከጠዋት ጀምሮ ደረቱ ላይ ተቀምጦበታል። ልጅቷ አንድ ዓመት ቤት ውላለች፤ ይህ ቦታ ካመለጣት ሌላ ዓመት፣ ከዚያ ማን ያውቃል። ዕድሏን የዘጋው ደግሞ ጦርነቱ አይሆንም፣ እሱ ራሱ ነው፤ ደሴ እንሂድ ስትለው አልሄድም ያለው እሱ ነው። ይህን ሲያስበው ቁጣው ራሱ ላይ ይመለስና መልሶ ከማሽኑ ጋር ይጣላል። አራት ሰዓት ላይ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ቢያገኝ ይደርስ ይሆን ብሎ መንገድ ዳር ወጥቶ ቆመ። አንድ አይሱዙ አቁሞ ጠየቀ፤ ሾፌሩ ኬላው ላይ ስንት ሰዓት እንደምንቆም እግዜር ይወቅ፣ ለዘጠኝ አላደርስህም፣ ለአሥራ አንድም ቃል አልገባልህም አለው። ተመልሶ ገባ። ማሽኑ ተገናኝቷል፣ ገጹ አይከፈትም። ሊዲያ ጣሪያው ላይ ናት።

ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሀጂራ ከጁምዓ ስትመለስ ወደ ሱቁ ገባች። ሀጂራ ከመንገዱ ማዶ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጥ የነበረች የዕድሜ ባለጸጋ ናት፤ የእሷም ሱቅ ባዶውን ነው የቀረው። አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ለተዘረፉ ነጋዴዎች ያደለውን ቅጽ በሻሿ ጫፍ ይዛለች።

"አላህ ያበርታህ ዓለምነህ። ይቺን ብቻ ሙላልኝና እሄዳለሁ" አለችው።

"እትዬ ሀጂራ፣ ዛሬ አይቻሉኝ። ነገ ይምጡ።"

"ዛሬ ካልሰጠሁ አይቀበሉኝም አሉ። ስሜን ጽፌያለሁ፣ የጎደለው ቀኗ ነች። የዛሬውን በፈረንጅ አድርጉ ብለዋል።"

ዓለምነህ ቅጹን ከእጇ ነጠቀ ማለት ይቻላል። ይህን ያህል ዓመት የሠራው ሥራ ነውና ሳያስበው እጁ ጻፈ፤ ጃንዋሪ ሃያ ስምንት፣ 2022። ብዕሩን ሊያነሣ ሲል እጁ ቆመ። ቀና ብሎ የስክሪኑን ጥግ አየ። አምስት፣ ሃያ፣ 2014 ይላል።

ወረቀቱን አየ። ስክሪኑን አየ።

ማሽኑ የእኛን ቀን አያውቅም። አምስተኛው ወር ለእሱ ጥር አይደለም፣ ሜይ ነው። 2014ም ለእሱ ካለፈ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። ዓለምነህ ማሽኑን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ፣ በዚያ ላይ ሰዓቱን ስድስት ሰዓት አዛንፎ፣ በየጠዋቱ በትጋት እየሞላ፣ ግባና ተመዝገብ ይለዋል። የኮሌጁ ገጽ የያዘው፣ ቀን የተጻፈበት የመታወቂያ ማረጋገጫ ገና ወደፊት የሚሰጥ መስሎ ታይቶት፣ ማሽኑ አላምንህም አለው። ምን ያድርግ? ያ ሁሉ ክላየንት፣ ያ ሁሉ ሳጥን፣ ያ ሁሉ ጉብታ ልክ ነበር። የመርሳን ሰው ሁሉ ቀን የሚለውጠው ሰው የራሱን ማሽን ቀን ሳይለውጥ ከረመ።

"ምነው፣ ተሳሳትክ እንዴ?" አለች ሀጂራ ቅጿን እያየች።

"የእርስዎ ልክ ነው" አላት። 

ቀኑን ለወጠ። ሰዓቱንም ለወጠ። የኮሌጁን ገጽ እንደገና ጠራ። ገጹ ተከፈተ፤ እንደ ማንኛውም ገጽ፣ ሰማያዊ ሰሌዳ፣ የአንድ ሕንጻ ፎቶ፣ ስምና የተማሪ ቁጥር ያስገቡ የሚል ቦታ። ዓለምነህ የልጁን ስም ፊደል በፊደል ጻፈ፣ ቁጥሯን አስገባ፣ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ተጫነ። ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

የመጣለት መልስ የዚህች ተማሪ ማረጋገጫ ደርሶናል የሚል ነው። ማስረጃዋ ተያይዟል ይላል። የተመዘገበበት ቀን፣ ጃንዋሪ ሃያ ስድስት።

የመጀመሪያ ሐሳቡ ሰው ቀድሞ ቦታዋን ወሰደባት የሚል ነበር። ቀጥሎ ያ ቀን ራሱ በውስጡ ተለወጠ፤ እሱ ሊያቆመው አይችልም፣ ልማዱ ነው። ጥር አሥራ ስምንት። ረቡዕ። ውርጌሳ።

በር ላይ ወጥቶ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ሊዲያ እንጨቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ገበያው በኩል ዞራለች፤ ፀሐዩ ፊቷን አቅልቶታል።

"ውረጂ" አላት።

እንጨቱን አጋድማ ወረደች። ገብታ ስክሪኑን ስታይ ገባት። ሀጂራም ገባት መሰል፣ ቅጿን አጣጥፋ አላህ ብድርህን ይመልስልህ ብላ ወጣች።

"ረቡዕ ዕለት ውርጌሳ አልነበርሽም።"

"ደሴ ነበርኩ" አለች። "ማስረጃውን በፍላሽ ገልብጬ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ጨረስኩ።"

"ታዲያ ሁለት ቀን ሙሉ ጣሪያ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ትናንትና ዛሬ ምን ይዘሽ ነው የቆምሽው?"

ሊዲያ የባለጉዳዩ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ መዳፏን የባሕር ዛፉ ልጥ አቁስሎታል።

"ነሐሴ ላይ የሱቁን በር ሲሰብሩት አንተ እዚያ ጋ ቆመህ ነበር" አለችው። "ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ አልተናገርክም አባዬ። እሺ ብቻ ነው የምትለው። እማዬ እንጀራ ስታቀርብ እሺ። ውሃ የለም ስትልህ እሺ። አራት ወር ግድግዳ እያየህ ተቀመጥክ፤ እማዬ አልቆልናል ብላ ታለቅስ ነበር። ሰኞ ዕለት ይሄ ማሽን አልደውልም ሲልህ ተነሥተህ ጮኽክ። ማክሰኞም ጮኽክ። ረቡዕ ማታ ስመለስ እማዬ፣ አባትሽ ሳህኑን ጨርሶ በላ፣ ሩብ ሰዓት አወራኝ አለችኝ። ተመዝግቤያለሁ ብልህ መልሰህ የምትቀመጥ መሰለኝ። ፈራሁ።"

ዓለምነህ ዋሸሽኝ ሊላት ፈለገ፣ ደግሞም እውነቱ ነው። አላመንሽኝም ሊላት ፈለገ። ግድግዳ ሲያይ መቆየቱን እንኳ አያውቅም ነበር፤ ለእሱ አራቱ ወር አንድ ረጅም ቀን ነበር፣ ያንን ቀን ማን እንዳየበት አላሰበም። ልጁ እዚህ ተቀምጣለች፣ ተመዝግባለች፣ በሚቀጥለው ወር ትሄዳለች፤ ይህን ሁሉ ካወቀ በኋላ ከአፉ የወጣው ሌላ ነገር ነው።

"በዚህ ጫማ ነው ቆርቆሮ ላይ የወጣሽው?" አላት። "ሶሉ አልቋል እኮ! ብትንሸራተቺስ? ደሴስ ብቻሽን? ኬላው ላይ ብትያዢ፣ የት ሄደች ብዬ ማንን እጠይቃለሁ? ውርጌሳ ናት ብዬ ተኝቼ? አክስትሽስ ነገ ብታገኘኝ፣ ልጅህ አልመጣችም ብትለኝ ምን ልላት ነበር? ያ ፍላሽስ የማን ነው፣ ቫይረስ እንዳለበት አይተሻል?" እያለ ቀጠለ፤ እንባው በመነጽሩ ሥር ወርዶ ጢሙ ውስጥ ሲገባ እንኳ አላቆመም፣ ስለ እጇ ቁስል፣ ስለ መኪናው ሾፌር፣ ደቡብ ስለሚዘንበው ዝናብ፣ ጃንጥላ ስለሌላት ሁሉ ተቆጣ። ሊዲያ የባለጉዳዩ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እስኪጨርስ ሰማችው።